የብሎክ ሠላሳ ሰባት የእልልታ ዕድር

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች! ለዚህ ቀን ያደረሰን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። በብሎክ ሠላሳ ሰባት፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የወይዘሮ ሊዲያ ቤተሰብ ዛሬ ጠዋት በአዲስ መጥረጊያ መጥረግ ጀምረዋል። እንኳን ደስ አላችሁ። እንኳን ደስ አለን።»

ድምፅ ማጉያው ይህን ሁለት ጊዜ ተናገረ። ሰው በየበሩ ብቅ አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ሊዲያ መጥረጊያዋን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየችና ወደ ቤቷ ገባች። የቀረውም ወደ ሥራው ሄደ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። በሳይታችን አንድ ቤት ደህና ነው የሚባለው አዲስ ነገር ሲጀመርበት ነው። ልጅ ቢወለድ ይቆጠራል፤ ሠርግም ይቆጠራል፤ እነዚህ ግን እንደ ልብ አይገኙም። ስለዚህ ሰው መጋረጃ ይቀይራል፣ ጊታር ይማራል፣ ግራኙ በቀኝ እጁ መብላት ይጀምራል። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን ሚስቱን «አንቺ» ማለት ትቶ «እርስዎ» ማለት ጀመረ፤ ተቆጠረለት።

መለኪያው ሞዴሉ ነው። ሞዴሉ መጀመሪያ ለሰው አልተሠራም። ጋላክሲዎች እንዴት እንደሚወለዱና እንዴት እንደሚያረጁ ለማወቅ የተሠራ ነው፤ ብዙዎች በታጨቁበት መሀል የወደቀችው ምን ትሆናለች፣ ዳር ያለችው ምን ትሆናለች፣ በባዶው ውስጥ ብቻዋን የቀረችውስ? ከተማው ሰውን በቤት የሚደለድልበት ዘዴ ሲያጣ ሞዴሉን ወሰደና «ጋላክሲ» የሚለውን አውጥቶ «ቤተሰብ» የሚል አገባበት። ሌላ የተቀየረ ነገር የለም።

አዳዲስ ኮከብ የምትወልድ ጋላክሲ ሰማያዊ ናት፤ መውለድ ያቆመች ቀይ ናት። በታጨቀ ሰፈር ውስጥ የገባች ጋላክሲ ኮከብ የምትሠራበትን ጥሬ ነገር የሰፈሩ ትኩስ ነፋስ ይገፍፋታል፤ ጎረቤቶቿ ሲያልፉ ሲያገድሙ ይጎነታትሏታል፤ ቀስ በቀስ ትቀላለች። በመጨረሻ መሀል የተቀመጠችው ትልቋ ትውጣታለች። ይህ ውህደት ይባላል። በውህደት ጊዜ ከተዋጠችው ጋላክሲ ኮከቦች አንዳንዶቹ የማንም ሳይሆኑ ወደ ውጭ ተፈናጥረው ይቀራሉ። ይህም በሞዴሉ ውስጥ አለ፤ ከተማው አላወጣውም። የተፈናጠሩት ሰዎች የሚሄዱበት ሜዳ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ነው። አውቶቡስ ይወስዳል፤ አያመጣም።

ብሎካችን ሁለት ቀይ ቤቶች አሉት፤ በእነሱ ምክንያት ውኃችን በፈረቃ ሆኗል፣ ሊፍቱም ከአራተኛ ፎቅ አያልፍም። ሦስተኛ ከተገኘ ብሎኩ በሙሉ ይቀላና ከብሎክ ሠላሳ ስምንት ጋር ይዋሃዳል። ሠላሳ ስምንት ትልቅ ነው። ሰዎቹ ካሁኑ በእኛ በረንዳ በኩል ሲያልፉ መስኮቶቻችንን በዓይናቸው ይለካሉ።

አንድን ቤት እንደ ሞት የሚያቀላው የለም። ስለዚህ ዕድራችን ሥራ ቀይሯል። ድሮ ዕድር ለለቅሶ ነበር፤ ጡሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ያወጣል። አሁን ያው ዕድር፣ ያው ሰብሳቢ፣ ያው ጡሩምባ ነፊ፣ ለእልልታ ይጠራል። አንዱ ቤት አዲስ ነገር ሲጀምር አባል ሁሉ ወጥቶ እልል ይላል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም በሊፍት አለመውጣት ነው። ለቅሶማ የለም። ከአራት ዓመት ወዲህ በብሎካችን ድንኳን አልተተከለም። አየሩ ተስማምቶን ነው ይባላል። ንጽሕናችንም ያግዛል፤ የበረኪናው ሽታ እንግዳን የሚቀበለው ገና ከአስፋልቱ ነው።

ሶልያናና ባሏ ናሆም ሦስተኛ ፎቅ ነበሩ። ናሆም ሞዴሉን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ከተማው ሞዴሉን ሲወስድ አላማከሩትም፤ ኋላ ግን «የሞዴሉ አባት» የሚል ምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጡት። ራት ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያነሣ ነበር።

«ቀይ ማለት ሞተች ማለት እኮ አይደለም፣ ሶልዬ። አሮጌዎቹ ኮከቦቿ አሉ፤ እያበሩ ናቸው። እኛ ሁላችን አልፈንም ያበራሉ። አዲስ አልወለደችም ተብሎ ሞተች ይባላል?»

«ብላ፤ ይቀዘቅዛል» ትለው ነበር ሶልያና።

ከዚያ ግማሽ አካሉን መታው፤ ምላሱም ታሰረ። ማክሰኞ ጠዋት፣ የወይዘሮ ሊዲያ መጥረጊያ ከታወጀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ሶልያና ሻይ በማንኪያ ልታጠጣው ስትል አፉ አልተከፈተም። ማንኪያውን ይዛ ቆየች። ሻዩን ደፋች፣ ብርጭቆውን አጠበች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና የዕድሩን ሰብሳቢ ያብስራን ፍለጋ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች።

ያብስራ በሩን የከፈተው እያኘከ ነበር።

«ያብስራ፣ ናሆም ዐረፈ።»

ያብስራ ማኘኩን አቆመ። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ። «ማን ሰማ?»

«እኔ። አሁን አንተ።»

«እትዬ ሶልያና፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ መሆኑን አጥቼው ነው?»

«የከተማው ለኪ ዘርጋው የሚመጣው ዛሬ ከሰዓት ነዋ! ለልኬት!»

«ሞት ዘርጋው መጥቶ እስኪሄድ ይቆያል? በል ጡሩምባ አስነፋልኝ። ዛሬውኑ ይቀበር። አልጋ ላይ ሁለት ዓመት ከርሟል፤ አንድ ሌሊት አልጨምርበትም። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለም።»

ከውስጥ የሚስቱ የቢታንያ ድምፅ መጣ። «ማን ነው?»

«እትዬ ሶልያና ናቸው። ጋሽ ናሆም ትንሽ… አልተመቻቸውም።» ወደ ሶልያና ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነጠላዎን ያስተካክሉ እባክዎ። ሰው ያያል።»

ኮሚቴው ደረጃው ላይ ተሰበሰበ። ያብስራ ጉዳዩን ባጭሩ አስረዳ፤ ሦስተኛ ቀይ ቤት ሊገኝ ነው፤ ስለዚህ ጋሽ ናሆም እስከ ልኬቱ ድረስ አንድ ነገር መጀመር አለባቸው። ምን ይጀምሩ?

«መራመድ ጀመሩ ይባል» አለ ጡሩምባ ነፊው።

«ተነሥተው ያሳዩኝ ቢልስ?»

«ቼዝ መጫወት።»

«ከማን ጋር?»

«ክብደት መቀነስ ጀመሩ ቢባልስ» አለች የስድስተኛ ፎቋ ኤልዳና።

«እሱስ አይቀርም» አለ አንዱ፤ ሁለት ሦስት ሰው አፉን በእጁ ሸፈነ። ሶልያና አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ቆማ ትሰማ ነበር። ከሳቁት አንዱ አይቷት ሳል አስመሰለው።

«ሱባዔ» አለች ቢታንያ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ሱባዔ የገባ ሰው አይናገርም። አይበላም። ከቦታው አይነሣም። ዘርጋውም ቢሆን እግዜርን የሚፈራ ልጅ ነው፤ ሱባዔ ላይ ያለን ሰው ና ተነሥ አይልም።»

ያብስራ ሚስቱን ገና ዛሬ ያገባት ይመስል ዓይን ዓይኗን አያት።

«ናሆም ሱባዔ ገብቶ አያውቅም» አለች ሶልያና። «የሰማይ ተመራማሪ ነበር።»

«እንግዲያ አዲስ ነዋ፣ እትዬ! አዲስ አይደል የሚፈለገው?»

ሶልያና ያብስራን አየች። «ዘርጋው እግሩ ከግቢው እንደወጣ ይቀበራል?»

«በልጆቼ ሞት!»

«ጡሩምባ ተነፍቶ?»

ያብስራ ጡሩምባ ነፊውን አየ። ጡሩምባ ነፊው መሬቱን አየ። «ቀስ ብሎ ይነፋል» አለ ያብስራ።

ሶልያና እሺ አለች። ምን ልትል ትችላለች? ብቻዋን ሬሳ ተሸክማ ሦስት ፎቅ አትወርድ።

ናሆምን ከአልጋው አንሥተው መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጋቢ አለበሱት፤ ነጠላ ጫማ አጠለቁለት፤ ጣቶቹ መሀል ከቢታንያ የመጣ መቁጠሪያ አስያዙት። ራሱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ወፍራም መጽሐፍ ተፈለገ። ቤቱ ውስጥ የተገኘው ወፍራም መጽሐፍ ናሆም ራሱ በባዶው ውስጥ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ጋላክሲዎች የጻፈው ነበር፤ እሱን ከአንገቱ ሥር አደረጉት። መስኮቱ የቱ ጋ ተከፍቶ የቱ ጋ መዘጋት እንዳለበት፣ አገጩ ሥር ጋቢው እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ከወንበሩ ሥር ምን እንደሚነጠፍ ሁሉንም የመራችው ኤልዳና ናት። እጇ የለመደ ነበር። ከየት ተማርሽው ያላት የለም።

ዘርጋው ከሰዓት መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የዘንድሮ ወጣት ስሙ ሁሉ የቅድመ አያቶቹ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው ናሆምና ያብስራ የሚባሉት። ንጹሕ ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ለትልቅ ሰው ጎንበስ ይላል። መለኪያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ያብስራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር አቶ ዘርጋው፣ የሞዴሉ አባት ጋሽ ናሆም፣ በሕይወት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዛሬ ሱባዔ መግባታቸውን ስናበስር በታላቅ ደስታ ነው!»

እልልታው ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ ደረጃው ወረደ። ሶልያናም እልል አለች። ድምፅዋ ጥሩ ነበር፤ አጠገቧ የነበሩት ሰምተዋል።

ዘርጋው በካልሲው ቀስ ብሎ እየረገጠ ወደ ወንበሩ ተጠጋ። ጎንበስ አለ። «ምን ዓይነት ጸጥታ ነው!» አለ በሹክሹክታ። «እኛ ቢሮ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ሰው ይነሣል። ከመግባታቸው በፊት ምን አሉ፣ እማማ?»

ሶልያና ትንሽ አሰበች። «ቀይ ማለት ሞተች ማለት አይደለም አለ።»

ዘርጋው በአክብሮት ፈገግ አለ። «እሱ የድሮው ትርጉም ነው። ተስተካክሏል።»

«ምን ተብሎ?»

«ሞተች ተብሎ።» መለኪያውን አንሥቶ ወደ ክፍሉ አዞረ። «ሰው ግን ያለ ምክንያት ይፈራል። ሜዳው ላይ ያሉትን እንኳ ብንወስድ፣ በባዶው ያለች ጋላክሲ እኮ ቀስ ብላ ነው የምታረጀው። የሚጎነትላት የለ፣ የሚገፍፋት የለ። ሰዎቻችንም እዚያ እንደዚያው ናቸው፤ ተረጋግተዋል።»

«ሄደህ አይተሃቸዋል?»

«ሞዴሉ ላይ አዎ።»

መለኪያው ጢው አለና ሰማያዊ በራ። ዘርጋው ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አደረገው። «ሰማያዊ!» አለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተቃቀፈ። ከታች ፎቅ አንድ ሰው ፉጨት አሰማ። ሶልያና የሶፋውን መደገፊያ ያዘች፤ አለቀ ብላ ነው። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር፤ ሰዎቹ መቼ እንደሚወጡ፣ ሬሳውን ማን ማን እንደሚሸከም ታስብ ነበር።

«ለመሆኑ ሱባዔው የስንት ጊዜ ነው?» አለ ዘርጋው።

ያብስራ ደስታው ራሱ ላይ ወጥቶ ነበር። «አርባ ቀን» አለ።

«አርባ!» አለ ዘርጋው። «ታውቃላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ? መጥረጊያ እኮ ላንድ ሳምንት ነው የሚቆጠረው። እንዲህ ያለ ረጅም ጅማሬ ለቤቱ ብቻ አይደለም፣ ለብሎኩ በሙሉ ይያዛል። ሁለቱ ቀይ ቤቶቻችሁ ሳይቀሩ ከነገ ጀምሮ ሰማያዊ ይሆናሉ። ውኃው ይመለሳል፤ ሊፍቱ እስከ ሰባተኛ ይሠራል። እኔ ብቻ በየሳምንቱ እየመጣሁ እንዳሉ ማየት አለብኝ። ከእሳቸው ጋር ትንሽ ተቀምጬ ብጸልይም ደስ ይለኛል።»

«እዚሁ ወንበር ላይ ያገኟቸዋል» አለ ያብስራ።

ሶልያና ያብስራን አየችው። ያብስራ ጣሪያውን አየ።

«ያብስራ» አለች።

«ምን ጎደለ፣ እትዬ? ውኃ ተመለሰ እኮ!»

«ምን ብለኸኝ ነበር?»

«ኋላ እንነጋገራለን።»

ዘርጋው ፈገግ እንዳለ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። ቢታንያ ሶልያናን ከጀርባዋ እቅፍ አድርጋ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ለሚያይ ሰው እንኳን ደስ አለሽ የምትላት ነው የሚመስለው።

«ለሁላችንም ነው፣ እትዬ። መጀመሪያ ነው የሚከብደው። ይለመዳል።»

«ምኑ?»

ቢታንያ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

«ፎቶ እንነሣ!» አለ ዘርጋው። «ከጋሽ ናሆም ጋር። ለቢሮው ግድግዳ ነው። እልልታው አይቋረጥ፣ ሕያው ሆኖ እንዲወጣ።»

ሰዉ ከወንበሩ ኋላ ተደረደረ። ያብስራ አንድ እጁን ናሆም ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ ወዲያው መልሶ አነሣው፤ ዘርጋው ሲያየው እንደገና አሳረፈው። ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩ። ኤልዳና የናሆም ራስ እንዳይጋደል በአንድ ጣቷ መጽሐፉን ከኋላ ደግፋለች። «እማማ፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑ» አለ ዘርጋው፤ «እግራቸው ሥር ቢቀመጡ ያምራል።»

ሶልያና እግሩ ሥር ተቀመጠች።

ጋቢውን የምታስተካክል መሰለች። የናሆምን ነጠላ ጫማ አወለቀች፤ አንዱን ከዚያ ሌላውን፤ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከነጠላዋ ጫፍ በጥርሷ ይዛ አንድ ብጣሽ ቀደደች። ሁለቱን እግሮቹን አገጣጠመች፤ የሁለቱን አውራ ጣቶች አንድ ላይ አድርጋ ብጣሹን ዙሪያቸውን አዞረችና አሰረች። አንዴ አሰረች። ላልቶባት ይሆናል፣ ደግማ አጠበቀችው።

ይህ ለተኛ ሰው አይደረግም። ለታመመ አይደረግም። ሱባዔ ለገባም አይደረግም።

መጀመሪያ ዝም ያለችው አጠገቧ የነበረችው ሴት ናት። ከዚያ ከኋላዋ ያለችው። ኮሪደሩ ላይ ያሉት አላዩምና ትንሽ ቀጠሉ፤ እነሱም አንዷ ሌላዋን ስትጎነትል አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሬሳ አይቶ የማያውቀው ዘርጋው እንኳ ጣቶቹን አየ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መለኪያ አየ። ሰማያዊ ነበር። በመዳፉ ሸፈነው።

«ዛሬ ነው የሚቀበረው» አለች ሶልያና። ለማን እንዳለችው አይታወቅም።

 ማንም አልወጣም። ኤልዳና ጣቷን ከመጽሐፉ ላይ አነሣች፤ የናሆም ራስ በቀስታ ወደ ጎን ዘነበለ። ዓይኖቿ የታሰሩት ጣቶች ላይ ነበሩ። ከዚያ የራሷን ነጠላ ጫፍ ያዘች፤ ሲቀደድ ድምፁ ለሁሉም ተሰማ።

«ወዴት ነሽ?» አላት ያብስራ።

«እናቴ ጋ። የሷም ጣቶች አልታሰሩም» አለች ኤልዳና፤ ቅዳጁን በእጇ ጨብጣ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ወጣች።

የአምስተኛ ፎቁ ሰውዬ ሻርፑን ከአንገቱ እየፈታ ተከተላት። ከኮሪደሩ ሁለት እህትማማቾች ሳይነጋገሩ ወደ ታች ወረዱ። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን መሬት ላይ አኑሮ ከጡሩምባው ላይ ማንገቻውን ፈታ፤ እሱም ሄደ። በየፎቁ በሮች ሲከፈቱ ይሰማል፤ ማንም አይጮኽም።

ቢታንያ ከነጠላዋ አንድ ብጣሽ ቀድዳ ቆማለች። ባሏን ታየዋለች።  ያብስራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ዘግተውት የኖሩትን የቤታቸውን የኋለኛ ክፍል ቁልፍ አወጣና ሰጣት።